አክታ በስሙ ይጠራ

ምራቅ በአማርኛ ክብር አለው። በሳልና የረጋ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። እናት ልጇን፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ሲመርቁ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እደግ!» ይላሉ። ንፍጥም ቢሆን «ንፍጡን ያልጠረገ» በሚለው አነጋገር ልጅነትን ይገልጻል፤ ያሳንሳል እንጂ አያስጸይፍም። «ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት» የሚለውን ተረት የማያውቅ ጎልማሳም አይገኝም። አክታ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተርታ ቦታ አልተሰጠውም። ስሙ ሲነሳ ፊት ይጨማደዳል። ማዕድ ላይ ያነሳው ሰው ይገሠጻል። «አክ እንትፍ!» የሚባለውም ሰውን ወይም ነገርን አንቅሮ ለመተው ነው።

ይህ ነውር ሰው እየጎዳ ነው። የሚጎዳውም ሳል ጠንቶበት ጤና ጣቢያ የሚሄደውን፣ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጥቶት «አክታ ይዘህ ና» የሚባለውንና ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ማንም በግልጽ ያልነገረውን ሰው ነው።

አማርኛ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ቋንቋ ነው። ምራቅ የአፍ ነው፤ ንፍጥ የአፍንጫ ነው፤ አክታ ደግሞ ከሳንባና ከአየር ቧንቧ የሚመጣ ነው። ሦስቱ ስሞች ሦስት የተለያዩ ምንጮችን ያመለክታሉ። «አክ» የሚለው ድምፅ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ከጉሮሮ በታች ያለውን ነገር በትንፋሽ ኃይል ወደ ላይ መሳብ ማለት ነው። «እንትፍ» ከከንፈር አያልፍም፤ «አክ» ግን ከደረት ይነሳል። የቤተ ሙከራ ባለሙያ የሚፈልገውም ይህንኑ ከደረት የተነሳውን ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወስደው ሊያስረዱት የሚሞክሩትን ልዩነት ቋንቋው አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦታል። ጉድለቱ ተናጋሪው ቃሉን አፍ ሞልቶ ለመናገር ማፈሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ይህ ነገር ይበልጥ የሚመለከተው ጉለሌን ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ በባሕር ዛፉ ሥር፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። በ1950ዎቹ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተከፈተ ነው። ዛሬ ሌላ ሌላውንም ሕክምና ይሰጣል፤ የከተማው ሰው ግን አሁንም ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ነዋሪው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው ግቢ ይገኛል። የአሁኑ ስሙ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የአገሪቱ የቲቢ ማመሳከሪያ ቤተ ሙከራ ያለው በዚያ ነው። ከየክልሉ የተሰበሰበ አክታ ወደዚህ ግቢ ይላካል። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት ሠራተኞችም ከደብዳቤና ከጥቅል ጋር በማቀዝቀዣ ሳጥን የታሸገ የአክታ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ መመርመሪያ ማዕከል ሲያደርሱ ኖረዋል። እንግዲህ በጉለሌ ኮረብታዎች መካከል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሰው ዕጣ ሲወሰን የኖረው በአክታ ነው።

በአክታ ውስጥ ያለውን ጠላት መጀመሪያ ያሳየው ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ነው። ግኝቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ሲሆን፣ የዓለም የቲቢ ቀን እስካሁን በዚያ ዕለት ይከበራል። ከዚያ በኋላ አውሮፓና አሜሪካ አክታን እንደ ጦር ፈሩት። የኒውዮርክ ከተማ በ1896 (እ.ኤ.አ.) በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች መትፋትን ከለከለ። ፔተር ዴትቫይለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ በ1889 (እ.ኤ.አ.) በኪስ የሚያዝ፣ ክዳን ያለው ሰማያዊ የብርጭቆ ዕቃ ሠራ፤ ሕሙማኑ በየመንገዱ ከመትፋት ይልቅ በእሱ እንዲጠቀሙ ነበር። «ሰማያዊው ሄንሪክ» ብለው ሰየሙት። ቶማስ ማንም በ1924 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ስለ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ በሚተርክ ልብ ወለዱ ውስጥ ይህን ዕቃ አስገብቶታል።

የኋላ ምርምር ፍርሃቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ከቲቢ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ እየሳቡ ጣሪያ ላይ ለተቀመጡ እንስሳት አስተነፈሱ። እንስሳቱ አክታ ሳይነካቸው፣ ሕሙማኑንም ሳይቀርቡ፣ አየሩን በመተንፈስ ብቻ በበሽታው ተያዙ። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጡት፣ ለዓይን በማይታዩትና አየር ላይ ተንሳፍፈው በሚቆዩት ቅንጣቶች ነው። መሬት ላይ የተተፋ አክታ ያስቀይማል፤ መተፋቱም ሊቀር ይገባል። አደጋው የሚበረታው ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። «ብርድ ይመታኛል» እየተባለ መስኮቱ የሚዘጋበት ሚኒባስ፣ አስፋልት ላይ ከተተፋው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል። ሰው አክታን እየተጸየፈ የታፈነውን አየር ግን ያለ ሥጋት ይተነፍሳል። መፍራት ያለበትን ትቶ ሌላውን ፈርቷል ማለት ነው።

አክታ ራሱ ከሰውነት መከላከያዎች አንዱ ነው። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ቀጭን ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ ያመነጫል፤ አቧራውም፣ ጭሱም፣ ተሕዋስያኑም በእሱ ላይ ይያዛሉ። ከሥሩ ያሉት እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች ያንን ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው ይውጠዋል። ሳንባ ሲታመም ፈሳሹ ይበዛል፣ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሳል ይመጣል። የማገዶ ጭስና ሲጋራ ደግሞ ደቃቆቹን ፀጉሮች ስለሚያደክሙ ሥራው ሁሉ በሳል ላይ ይወድቃል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ፣ ማታ ደግሞ በዚያው ማገዶ የሚያበስሉ እናቶች የጠዋት ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም። ቀጨኔ ላይ ሸክላ የሚተኩሱ ሴቶችም እንዲሁ ጭስ የሰጣቸው ሳል ሊሆን ይችላል። ይህ ከዚያ የሚለየው ግን አክታው ሲመረመር ነው፤ በግምትና በነጭ ባሕር ዛፍ እንፋሎት አይለይም።

ወደ ፕላስቲኩ ዕቃ እንመለስ።

ሕመምተኛዋ ወይዘሮ ናቸው እንበል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይዟቸዋል። ዕቃውን ተቀብለው ወጡ። የሚያስሉበት የተለየ ቦታ የለም፤ መተላለፊያው ላይ ወረፋ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ ከወረፋው መካከል የሚያውቁት ጎረቤት ሊኖር ይችላል። በአደባባይ «አክ» ማለት ለወንድም ያሳፍራል፤ ለሴት ግን ከልጅነት ጀምሮ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው ለስለስ ባለ ድምፅ «እንትፍ» ይላሉ። ዕቃው ውስጥ የገባው ምራቅ ነው። ጥርት ያለ፣ ውኃ የመሰለ፣ አረፋ ያለው። ማንም መልሶ «ይህ አይሆንም» ካላላቸው ያ ምራቅ ተመርምሮ «የለበትም» የሚል ወረቀት ይወጣለታል። እሳቸውም «ቲቢ የለብኝም» ብለው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ።

በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የቆየው ምርመራ በቀይ ማቅለሚያ የተነከረውን ተሕዋስ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ነው። ባለሙያው እንዲያየው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚሆኑ ተሕዋስያን መኖር አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያጸደቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ይህን ወደ መቶ ሠላሳ ገደማ አወረደው፤ ውጤቱንም በ2 ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋና መድኃኒት ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነም አብሮ ይናገራል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁንና መሣሪያው የሚመረምረው ዕቃው ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ከሳንባ ያልመጣ ነገር ውስጥ የሳንባን በሽታ የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነው።

በዚህ ላይ ማስረጃ አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊጠቀስ የሚገባውም ይህ ነው። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ከተማ የተደረገና በ2007 (እ.ኤ.አ.) «ላንሴት» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ቲቢ የተጠረጠረባቸውን 3 ሺህ ገደማ ወንዶችና ሴቶች በሁለት ከፈለ። ለአንደኛው ወገን እንደ ተለመደው ዕቃ ብቻ ተሰጠ። ለሌላው ግን አክታ ከምራቅ እንዴት እንደሚለይ፣ ከደረት ጠልቆ እንዴት እንደሚሳል ተነገረው። ሌላ ምንም የተጨመረ ነገር የለም። ካልተነገራቸው ሴቶች መካከል በአክታቸው ተሕዋሱ የታየው 8 ከመቶ ሲሆን፣ ከተነገራቸው ሴቶች ግን 13 ከመቶ ሆነ። በወንዶች ዘንድ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። ከዚያ በፊት በብዙ አገር ቲቢ የሚገኝባቸው ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ለምን እንደሚያንስ ሲጠየቅ ብዙ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ራዋልፒንዲ ላይ አንዱ መልስ ሴቶቹ የሰጡት ምራቅ መሆኑ ታወቀ። ያ ከተማ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ሴት ልጅ ድምፅዋን አሰምታ አክ እንዳትል የሚከለክለው ይሉኝታ ግን ለጉለሌም እንግዳ አይደለም።

ኢትዮጵያም የራሷ ምሳሌ አላት። ሲዳማ ውስጥ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስለውን ሰው ፈለጉ፤ አክታውንም እዚያው ሰፈሩ ተቀብለው በመስታወት ላይ አዘጋጅተው ወደ ቤተ ሙከራ ላኩ። ሰዎች አክታቸውን የሰጡት በሚያውቋት፣ በቋንቋቸው በምታናግራቸው፣ ምን እንደምትፈልግ በምታስረዳቸው ሴት ፊት ነው። በአክታ ምርመራ የሚገኘው የሕሙማን ቁጥር ከ100 ሺህ ሰው 64 የነበረው ወደ 127 ወጣ። አዲስ በሽታ የመጣ ሆኖ አይደለም፤ ሳይገኝ በየቤቱ የነበረው ተገኘ እንጂ። በየቤቱ ምን ያህል እንዳለ ደግሞ ከፓስተር ግቢ የተመራው አገር አቀፍ ጥናት በ2010 እና 2011 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። 46 ሺህ 697 ሰዎች በተሳተፉበት በዚያ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሺህ ሰዎች መካከል በአክታ ምርመራ የሚረጋገጥ ቲቢ ያለባቸው 277 እንደሚሆኑ ተገምቷል። ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በቲቢ ይታመማል፤ አገሪቱም የበሽታው ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

የቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ አክታ ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ይበልጥ ያስረዳል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በኢትዮጵያ በተደራጀ መልኩ መታከም የጀመረው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ቀጥሎ ጎንደር ተከተለ። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይወስድ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ ነበረው፤ መድኃኒቱ ጆሮ ሊያደነቁር፣ አእምሮ ሊያውክ ይችል ነበር። ከሁለቱ ሆስፒታሎች የተመዘገቡ 612 ሕሙማን ውጤት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም ከመቶ 78 የሚበልጡት ሕክምናው ተሳክቶላቸው ነበር፤ ይህ ለዚያ ዘመን በዓለም ደረጃም ከፍ ያለ ውጤት ነው። ያንን ጉዞ ከወር ወር የለካው አክታ ነው። ሕመምተኛው በየጊዜው አክታ ይሰጣል፤ ቤተ ሙከራው ተሕዋሱ ያድግ እንደሆነ ለሳምንታት ይጠብቃል፤ «አላደገም» የሚለው ወሬ ሲመጣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ተስፋቸው ይለመልማል። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሰውየው እየዳነ ሲሄድ ሳሉ ይደርቃል፤ አክታውም ይጠፋል። «የለኝም እኮ» ማለት ይጀምራል። እንዴት ጠልቆ መተንፈስና መሳል እንዳለበት ከመጀመሪያው ያልተማረ ሰው ያን ጊዜ ምራቅ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑም ይሰወራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) የመከረው አዲሱ ሕክምና ያለ መርፌ፣ በ6 ወር የሚያልቅ ነው። ኢትዮጵያም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበረታባቸው አገሮች ዝርዝር ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወጥታለች። አክታ ማውጣት ለማይችሉ ሕፃናትም መላ ተገኝቷል፤ ሲያስሉ ስለሚውጡት ከሰገራቸው በጂን ኤክስፐርት ይመረመራል፤ ኢትዮጵያ ይህን ዘዴ ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት አገሮች መካከል ናት። ለአዋቂው ግን እስካሁን የአክታን ቦታ ሙሉ በሙሉ የሚተካ ነገር አልመጣም።

አክታ እንዴት ይሰጣል? ይህ በጋዜጣ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሚሻለው የጠዋቱ ነው፤ ሌሊቱን የተጠራቀመው፣ ቁርስ ሳይቀመስ። አፍ በንጹሕ ውኃ ይጉመጠመጣል። አየር ወዳለበት ደጅ ወጥቶ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ አየር በደንብ ይሳባል፤ ጥቂት ተይዞ ይለቀቃል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ይደረግና በሦስተኛው ከደረት ጠልቆ ይሳላል። የሚወጣው ወፈር ያለ፣ የሚዝለገለግ፣ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነገር ነው፤ ደም ሊቀላቀልበትም ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከሞላ ይበቃል። ካልመጣ ጥቂት አርፎ መድገም ነው። ዕቃው ከውጭ ሳይነካካ ክዳኑ ይጠበቃል። ቲቢ ከተገኘ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል።

ራዲዮው «ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለዎት ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል፤ መልካም ነው። እዚያ ላይ ግን ይቆማል። «አክታ» የሚለውን ቃል ደፍሮ፣ ከምራቅ ለይቶ፣ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ማስታወቂያ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ የቲቢ ትምህርት ሲሰጥ ልጆች ልዩነቱን ቢማሩ ቤታቸው ላለችው አያት ይነግራሉ። ጤና ጣቢያዎችም ሕመምተኛው ከሰው ዓይን ተከልሎ የሚያስልበት፣ ጣሪያ ብቻ ያለው ክፍት ጥግና የመጉመጥመጫ ውኃ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዕቃውን የሚሰጠው ባለሙያ ደግሞ ሕመምተኛው ምን እንደሚፈለግ መረዳቱን ሳያረጋግጥ አይልቀቀው። የተመለሰው ምራቅ ከሆነም ያለ ቁጣ «እናቴ፣ ይህ ምራቅ ነው፤ ከደረትዎ ይምጣ፤ አይፈሩ፣ ድምፅ ያውጡ» ይበላቸው።

ጉለሌ ላይ ይህ በአማርኛ ብቻ ተነግሮ አይበቃም። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ቤታቸው ጠባብ ነው፤ መወርወሪያውም መኝታውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ የሚያስል ሰው ካለ አየሩን የሚጋሩት ብዙ ናቸው። የከተማው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወደ እነዚህ ቤቶች ሲገቡ ሳል ያለበት መኖሩን ብቻ ጠይቀው መውጣት የለባቸውም። ዕቃውን ይዘው፣ ልዩነቱን በጋሞኛም በኦሮምኛም በሚያስረዳ ሰው አማካይነት አስረድተው፣ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰው አክታውን ቢረከቡ፣ ሲዳማ ላይ የተቻለው ከፓስተር ግቢ በእግር በሚደረስበት ሰፈር የማይቻልበት ምክንያት የለም።